ውሃው ምን በልቶ ነው አረንጓዴ የሆነው?

(መግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይወርዳል)

በቢቸናና በሞጣ ከተማ፣ በእነማይና በሁለት እጁ እነሴ ቀበሌዎች ያላችሁ፣ ከብቱን አስገብታችሁ፣ እሳቱን አንድዳችሁ ሬዲዮናችሁን የከፈታችሁ ሁሉ፣ የዛሬው ወሬ ለእናንተ ነው።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ባሕር ነው። «እኛ ደጋ ላይ ነን፤ ባሕር ከእኛ ጋር ምን አገናኘው?» የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። እውነት ነው፣ ጨው እንኳ ድሮ በአሞሌ ተጭኖ ስንት ቁልቁለት ወርዶ ስንት ዳገት ወጥቶ ነው ጎጃም የገባው። ነገር ግን ከባሕር የሚነሳው የዛሬው ወሬያችን የሚያርፈው ከብቶቻችሁ በሚጠጡበት ኩሬ ላይ ነውና እስከ መጨረሻው አብራችሁኝ ቆዩ።

ከምታውቁት ልጀምር። ብርብራን ታውቁታላችሁ። ፍሬው ተወቅጦ ውሃ ውስጥ ሲበተን ዓሣው ይደነዝዝና ሆዱን ገልብጦ ይንሳፈፋል። በጣና ዙሪያ ያሉ ሰዎች ዓሣ ሲይዙበት ኖረዋል። በብርብራ ጊዜ መርዙን ወደ ውሃው የሚወስደው ሰው ነው። ዛሬ የማነሳው መርዝ ግን እዚያው ውሃው ውስጥ ይበቅላል። የሚያበቅሉትም ፕላንክተን ከሚባሉት ወገን የሆኑ ደቃቅ ፍጡራን ናቸው።

ፕላንክተን ማለት ውሃው ወደ ወሰደው የሚሄድ ማለት ነው። ወራጁን ተቃውሞ ለመዋኘት አቅም የለውም። ከእነዚህ ፍጡራን ውስጥ እንደ ተክል በፀሐይ ብርሃን ምግቡን የሚያዘጋጅ አለ፤ ሌላውን እያደነ የሚበላ አለ፤ ሁለቱንም የሚያደርግ አለ። አብዛኞቹ ጉዳት የላቸውም። እንዲያውም የባሕርና የሐይቅ ዓሣ ሁሉ ኑሮው በእነሱ ላይ የቆመ ነው። መርዘኞቹ ጥቂት ናቸው። እኛም ዛሬ ስለነዚህ ጥቂቶች ሁለት ነገር እንጠይቃለን፤ ምን ይበላሉ? እነሱንስ ማን ይበላቸዋል?

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ ቀይ ባሕር እንውረድ። በዲማ ጊዮርጊስ አካባቢ ያደጋችሁ፣ የቆሎ ትምህርት ቤት ያያችሁ፣ ይህ ባሕር በግእዝ «ባሕረ ኤርትራ» እንደሚባል ታውቃላችሁ። «ኤርትራ» ከግሪክ የመጣ ቃል ሆኖ ቀይ ማለት ነው። ግን ሰማያዊ ውሃ ለምን ቀይ ተባለ?

እ.ኤ.አ. በ1823 ኤረንበርግ የሚባል ጀርመናዊ የተፈጥሮ ተመራማሪ በሲና በረሃ ጠረፍ፣ ቱር በተባለ ቦታ ሳለ የባሕሩ ዳርቻ ደም መስሎ ቀልቶ አየ። ውሃውን ቀድቶ በማጉያ መነጽር ሲመለከተው እንደ ክር የቀጠኑ፣ በነዶ በነዶ የታሰሩ ፍጡራን አገኘ። በ1830 ትራይኮዴስሚየም ኤሪትሬየም ብሎ ስም አወጣላቸው። የባሕሩ ስም ከዚህ ቅላት የመጣ ነው የሚሉ አሉ። ያም ሆነ ይህ የፍጡሩ ስምና የግእዙ «ኤርትራ» ከአንድ የግሪክ ቃል የተገኙ ወንድማማቾች ናቸው። መርከበኞች ደግሞ ይህንኑ ፍጡር ከመርከብ ላይ ሆነው ሲያዩት የባሕር ሰጋቱራ ይሉታል። እውነትም አናጢ ሲልግ ውሎ ብናኙን ባሕሩ ላይ የደፋው ይመስላል።

ይህ ሰጋቱራ አልጌ ቢመስልም በዘሩ ባክቴሪያ ነው፤ ከፀሐይ ብርሃን ምግብ የሚሠራ ባክቴሪያ። ሳይንቲስቶች ሳያኖባክቴሪያ ይሉታል። ይህን ስም ያዙልኝ፤ ኋላ ኩሬያችን ዘንድ ስንደርስ እንፈልገዋለን።

ምን ይበላል? እዚህ ላይ ባቄላ ትዝ ይለኛል። ጤፍ ደጋግሞ የተዘራበት መሬት ሲደክም ባቄላ ወይም ሽንብራ ትዘሩበታላችሁ፤ መሬቱም ያገግማል። ለምን? ባቄላውን ከነሥሩ ነቅላችሁ እዩት፤ ሥሩ ላይ ትንንሽ እብጠቶች አሉ። አንዱን በጥፍራችሁ ብትፈነክቱት ውስጡ ቀላ ያለ ነው። እዚያ ውስጥ የተጠለሉ ባክቴሪያዎች በአየር ውስጥ ያለውን ናይትሮጅን ይዘው ወደ ማዳበሪያ ይለውጡታል። ዩሪያ ከረጢት ውስጥ ያለው ምግብ ዋናው ናይትሮጅን ነው። የባሕሩ ሰጋቱራም ልክ እንደ ባቄላው እንግዶች ናይትሮጅንን ከአየር ያመጣል። ሌሎች በሚራቡበት ባዶ ባሕር ላይ እሱ የሚሰለጥነው ለዚህ ነው።

ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል፤ ብረት። ናይትሮጅን ለመያዝ ብረት ያስፈልጋል፤ የባሕር ውሃ ላይ ደግሞ ብረት እንደ ልብ አይገኝም። ብረቱ የሚመጣው ከበረሃ በነፋስ ከሚነሳ አቧራ ነው። በአቃባ ባሕረ ሰላጤ የተደረገ ጥናት አንድ አስገራሚ ነገር አሳይቷል። የአቧራዋ ቅንጣት በላዩ ስታርፍ፣ የሰጋቱራው ክሮች እየተንቀሳቀሱ ወደ ነዶው መሐል ይስቧታል። መሐሉ ላይ ከክሮቹ ጋር አብረው የሚኖሩ ሌሎች ባክቴሪያዎች አሉ። እነዚህ ደግሞ ብረቱን ከአቧራው ፈልቅቆ የሚያወጣ ንጥረ ነገር ያመነጫሉ። ሰጋቱራው ብረቱን ያገኛል፤ ባክቴሪያዎቹም እሱ በፀሐይ ከሠራው ስኳር ይመገባሉ።

እናቶች ይህን ነገር ከማንም በላይ ይረዱታል። እርሾ አንድ ነገር ነው እንዴ? በአንድ እርሾ ውስጥ ስንት ዓይነት ደቃቅ ፍጡር ተባብሮ ነው ሊጡን የሚያኮመጥጠው፣ እንጀራውንም ዓይን የሚያወጣለት። አንዱ የተወውን ሌላው ያነሳል። ባሕር ላይም ብቻውን የሚበላ እምብዛም የለም። ከአልጌ ዝርያዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ቫይታሚን ቢ 12 ከሌላ ማግኘት አለባቸው፤ የሚያቀብሏቸውም ባክቴሪያዎች መሆናቸውን እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ ጥናት አሳይቷል።

ሰጋቱራውንስ ማን ይበላዋል? መርዝ ስላለው ብዙው ፍጡር ይሸሸዋል። ማክሮሴቴላ የተባለች ከሩዝ ፍሬ የምታንስ ሸርጣን መሰል ፍጡር ግን መርዙን ችላ ትበላዋለች። ልጆቿ መዋኘት ስለማይችሉ እሱኑ ይዘው ይንሳፈፋሉ። ጎጆዋም ጎተራዋም እሱ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ደግሞ ከመርዘኞቹ ፕላንክተኖች መካከል ስለ አንድ ሌባ ልንገራችሁ። ስሙ ዳይኖፊሲስ ይባላል። በውስጡ በፀሐይ ብርሃን ምግብ የሚያበስል ምድጃ አለው፤ እንደ ቅጠል አረንጓዴነት ማለት ነው። ታዲያ ሳይንቲስቶች በቤተ ሙከራ ሊያራቡት ብዙ ዘመን ደክመው አልሆነላቸውም። ብርሃን ይሰጡታል፣ ማዳበሪያ ይሰጡታል፤ ይሞታል።

እ.ኤ.አ. በ2006 የደቡብ ኮሪያ ተመራማሪዎች ምስጢሩን ደረሱበት። ምድጃው የራሱ አይደለም። ሜሶዲኒየም የሚባል ሌላ ፍጡር ይይዝና እንደ ቧንቧ ያለ ነገር ሰክቶ ውስጡን ይመጠዋል፤ ምድጃውንም ወስዶ የራሱ ያደርገዋል። ሜሶዲኒየሙስ ከየት አመጣው? እሱም ከሌላ ደቃቅ አልጌ ሰርቆ ነው! ሌባን ሌባ ቢሰርቀው ምን ይደንቀው እንደሚባለው ነው። ተመራማሪዎቹ ሜሶዲኒየምን ሲያቀርቡለት ሌባው ተራባ። ለዓመታት ያልሆነው ነገር ማዕዱ ሲታወቅ ሆነ።

የዚህ ሌባ መርዝ ሰው ዘንድ የሚደርሰው በባሕር ዛጎል ለበሶች በኩል ነው። ዛጎል ለበሶቹ ውሃውን እያጠለሉ ሲመገቡ መርዙ በሥጋቸው ይከማቻል፤ እነሱን የበላ ሰው ክፉኛ ያስቀምጠዋል፣ ያስመልሰዋል። ማብሰል መርዙን አያጠፋውም። ይህንንም ነጥብ ያዙልኝ።

አንድ ሌላ ልጨምር። አሌክሳንድሪየም የሚባል፣ ሰውን ሽባ እስከማድረግ የሚደርስ መርዝ ያለው ፕላንክተን አለ። ኮፔፖድ የተባሉት በላተኞቹ በአካባቢው ሲኖሩ ከሰውነታቸው የሚወጣውን ሽታ በውሃው ውስጥ ያውቀዋል። ሲያውቅም መርዙን ያበዛል። የጅብ ድምፅ ሲሰማ አጥሩን በእሾህ እንደሚያጠብቅ ገበሬ ማለት ነው።

(ሙዚቃ)

ከባሕር ወጥተን ወደ አገራችን እንመለስ። እኛ ጋ ጨዋማ ባሕር ባይኖርም ያ ያዙልኝ ያልኳችሁ ሳያኖባክቴሪያ አለ። ጨው በሌለው ውሃ ላይ በብዛት የሚታወቀው ዘመዱ ማይክሮሲስቲስ ይባላል፤ መርዙም ማይክሮሲስቲን፤ የሚጎዳው ጉበትን ነው።

በአዋሽ ላይ በ1952 ዓ.ም. የተሠራው የቆቃ ግድብ ውሃ አረንጓዴ ቀለም የተደፋበት መስሎ የሚታየው በዚሁ በማይክሮሲስቲስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት ቆቃን ጨምሮ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ላይ መርዙን አግኝቷል። በእኛው በጣናም መርዙን የሚያመርተው ዓይነት መኖሩን በ2015 የታተመ ጥናት ገልጿል። የዓለም ጤና ድርጅት ዕድሜ ልክ ለሚጠጣ ውሃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1 ማይክሮግራም ነው፤ የአንድ ግራም ሚሊዮንኛ ማለት ነው። ከዚህ ተነስታችሁ የመርዙን ኃይል ገምቱ።

ማን ይበላዋል? በሐይቅ ውስጥ ሁለት ዓይነት በላተኞች አሉ። አንዷ ዳፍኒያ ትባላለች፤ ጣናም ውስጥ አለች። ዳፍኒያ እንደ ወፍጮ ናት፤ የገባላትን ሁሉ ትቀበላለች፤ መርዘኛውን ከደኅናው አትለይም። ኮፔፖድ ደግሞ ምስር እንደምትለቅም እናት ነው፤ እያንዳንዱን ፍሬ ቀምሶ መርዘኛውን ይጥለዋል።

የለቃሚው ነገር ለራሱ መልካም ነው። ለውሃው ግን? እረኞች ይህን መመለስ አያቅታችሁም። ከብት ጥሩ ጥሩውን ሣር እየነጨ አሜኬላውን ሲተወው፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ግጦሹ ምን ይሞላዋል? አሜኬላ። ውሃውም እንዲሁ ነው። የሚበላው ተበልቶ ሲያልቅ የማይበላው ሜዳውን ይወርሰዋል።

ወፍጮዋ ዳፍኒያ ግን ዝም ብላ አትሞትም። በጀርመን፣ በስዊዘርላንድና በኦስትሪያ ድንበር ላይ ባለው በኮንስታንስ ሐይቅ፣ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ በደለል ውስጥ ተቀብረው የቆዩ የዳፍኒያ እንቁላሎችን አውጥተው አስፈለፈሏቸው። ሐይቁ በመርዘኛው ሳይወረር በፊት የተጣሉት እንቁላሎች ልጆች መርዙን አልቻሉትም፤ ከወረራው በኋላ የተጣሉት ግን ከእነዚያ ይልቅ ቻሉት። በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ ዘሩ ተለውጧል። ማይክሮሲስቲንን ራሱን ሰባብረው የሚመገቡ ባክቴሪያዎችም አሉ፤ በ1990ዎቹ አውስትራሊያ ውስጥ ተለይተው ታውቀዋል። ለእኛ መርዝ የሆነው ለእነሱ ቀለብ ነው።

ሰውና ከብት ግን ለመልመድ እንዲህ ያለ ጊዜ የላቸውም። እ.ኤ.አ. በ1878 በአውስትራሊያ አንድ ሐይቅ ላይ እንደ ወፍራም አረንጓዴ ቀለም የተጋገረውን የጠጡ በጎች፣ ፈረሶችና ውሾች በሰዓታት ውስጥ ሲሞቱ፣ ፍራንሲስ የተባለ ኬሚስት ነገሩን ለዓለም ጻፈ። በ1996 ደግሞ በብራዚል ካሩዋሩ ከተማ ይህ መርዝ ያለበት ውሃ ለኩላሊት እጥበት ውሎ ከ50 በላይ ሕሙማን ሞተዋል።

(አጭር ሙዚቃ)

እንግዲህ ኩሬያችን ዘንድ ደረስን። ክረምቱ ወጥቶ ፀሐይዋ ጠንከር ስትል፣ የታቆረው ውሃም ሲረጋ አረንጓዴ ሊሆን ይችላል። አረንጓዴ ሁሉ መርዝ አይደለም። እንዴት እንለየዋለን? ሁለት ቀላል ሙከራ ልንገራችሁ። ስትሞክሩ ውሃው እጃችሁን እንዳይነካው ላስቲክ ወይም ጓንት አጥልቁ።

አንደኛው በእንጨት ነው። ረዘም ያለ እንጨት አስገብታችሁ አውጡት። እንደ ፀጉር የተንዠረገገ አረንጓዴ ክር ከተጠመጠመበት ተራው አልጌ ሊሆን ይችላል። እንጨቱን ቀለም ነክራችሁ ያወጣችሁት ካስመሰለው ተጠንቀቁ።

ሁለተኛው በሃይላንድ ነው። ብርሃን የሚያሳልፍ የሃይላንድ ጠርሙስ ከኩሬው ውሃ እስከ ሦስት አራተኛው ሙሉትና ክደኑት፤ ሳይነቃነቅ ጥላ ቦታ ይደር። ማለዳ ስታዩት አረንጓዴው ወደ ታች ከሰጠመ ብዙ ጊዜ ተራ አልጌ ነው። አንገቱ ዘንድ ወጥቶ እንደ ቀለበት ከተጋገረ ግን ሳያኖባክቴሪያ የመሆኑ ነገር የሰፋ ነው። እነዚህ ፍጡራን በውስጣቸው አየር የያዙ ደቃቅ ክፍሎች ስላሏቸው እንደ ቡሽ ይንሳፈፋሉ። ፀሐዩን ቀድመው የሚይዙትም በዚህ ነው።

ሙከራው መርዝ መኖር አለመኖሩን አይነግራችሁም፤ ያን የሚለየው ቤተ ሙከራ ነው። እናንተ ግን መርዝ እንዳለው ቆጥራችሁ ሂዱ። ከብት አታጠጡበት፤ በተለይ ነፋስ ገፍቶ ወዳከማቸበት ዳር አታስጠጓቸው። ልጆች አይዋኙበት። ለሰው መጠጥማ ከቶ አይሆንም። «አፍልተን እንጠጣዋለን» የሚል ካለ ያን የባሕር ሌባ ያስታውስ። ማፍላት ትልና ጀርም ይገድላል፤ ማይክሮሲስቲንን ግን አያጠፋውም። እንዲያውም ፍጡሩ ሲሞት ይፈነዳና በሆዱ የያዘውን መርዝ ውሃው ውስጥ ይለቀዋል። «መድኃኒት ረጭተን እንግደለው» ማለትም የባሰ የሚሆነው ለዚህ ነው። ከምንጭ ወይም ከተጠበቀ ጉድጓድ ቅዱ፤ ነገሩን ለቀበሌያችሁ የጤና ኤክስቴንሽንና የእንስሳት ጤና ባለሙያ ንገሩ።

አሁን ወደ ርእሳችን። ኩሬው ምን በልቶ ነው አረንጓዴ የሆነው? እንደ ቀይ ባሕሩ ሰጋቱራ ከበረሃ አቧራ አልጠበቀም። የበላው ከደጃችን የወረደለትን ነው፤ የበረት እበት፣ የሜዳ ላይ ዓይነ ምድር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከማሳ የታጠበ አፈርና ማዳበሪያ። በማዳበሪያው ውስጥ ያለው ፎስፈረስ ከአፈር ቅንጣት ጋር ይጣበቃል፤ አፈሩ ሲታጠብ አብሮ ይሄዳል። ስንት ብር አውጥታችሁ፣ ስንት ቀን ተሰልፋችሁ ለጤፋችሁ የገዛችሁት ማዳበሪያ ጤፉን ትቶ መርዘኛውን ይቀልባል።

ደግሞም ኩሬው ላይ አይቆምም። በሐምሌና በነሐሴ ከሞጣ ወደ ሰባራ ድልድይ የወረደ ሰው አባይ ምን እንደሚመስል ያውቃል፤ የተበጠበጠ አፈር ነው። የሱሃና የሙጋ ወንዞችም ከጮቄ ተራራ ግርጌ ማሳዎች ያጋበሱትን ይዘው እዚያው አባይ ይገባሉ። ይህ ውሃ ዛሬ የሚያርፈው በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. በተመረቀው በታላቁ የሕዳሴ ግድብ ሐይቅ ውስጥ ነው፤ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ በሚይዝ፣ በቆላ ፀሐይ በሚሞቅ፣ በተኛ ውሃ። ቆቃን አረንጓዴ ያደረገው ሙቀት፣ እርጋታና ቀለብ ነው። ሙቀቱንና እርጋታውን መለወጥ አይቻለንም። ቀለቡ ግን የሚወርደው ከእኛ ማሳ ነው።

ስለዚህ በጥርና በየካቲት ለተፋሰስ ሥራ አካፋና ዶማ ይዛችሁ ስትወጡ፣ እርከኑ አፈራችሁን ከማስቀረቱ ሌላ ሁለተኛ ሥራ እንዳለው አስታውሱ። ከኩሬው በላይ ያለውን ሣር አትረሱት፤ ጎርፉን የሚያጠልል ወንፊት ነው። የከብት መግቢያውን ከኩሬው አርቁና ውሃውን በገንዳ አጠጡ። ማዳበሪያውን ዶፍ ሊወርድ ባንዣበበ ቀን አትበትኑ።

የኮሪያ ተመራማሪዎች ያን የባሕር ሌባ ማራባት የቻሉት የሚበላውን ባወቁ ቀን ነበር። እኛ ደግሞ የኩሬያችን መርዘኛ የሚበላውን ዛሬ አውቀናል። እነሱ ማዕዱን አቀረቡለት፤ የእኛ ሥራ ማንሳት ነው።

ነገ ማለዳ ጠርሙሱን አይታችሁ ቀለበት ብታገኙ፣ ቀና ብላችሁ ከኩሬው በላይ ያለው ማሳ የማን እንደሆነ ተመልከቱ። ምናልባት የራሳችሁ ይሆናል።



(መዝጊያ ሙዚቃ)